ጸጉር የተባለው ጥላ

በቦርከና ከተማ ሰው ሲገናኝ «ተነበብሽ?» ይባባላል። የተጠየቀው «ተመስገን፣ አረንጓዴ» ካለ በኋላ ነው ወሬው ወደ ልጆችና ወደ ኑሮ የሚዞረው። ገበያ ለመግባት፣ አውቶቡስ ለመሳፈር፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ለማምጣት በየወሩ በራጁ መተላለፊያ ማለፍ ግድ ነው። መተላለፊያው ረጅምና ነጭ ነው። ሰዉ በሰልፍ ይገባል፣ መሃል ላይ ትንፋሹን ይይዛል፣ በሌላኛው በር ሲወጣ መዳፉ ላይ መብራት ይበራል። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያዝ ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። መራመድ ሲጀምሩ እናቶቻቸው በጨዋታ መልክ ያስተምሯቸዋል፤ ጉንጩን ነፍቶ መቆየት ያልቻለ ይሸነፋል።

ራጁን የሚያነበው ማሽን ነው። ሰዉ «አንባቢው» ይለዋል። ከመተላለፊያው በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አረጋጋጮች ተቀምጠዋል። ሕጉ የሐኪም ዓይን ያላረፈበት ራጅ አይጸድቅም ስለሚል ሐኪሞቹ ዓይናቸውን ያሳርፋሉ። ሥዕሉ ይመጣል። ከሥሩ ጾታ፣ ዕድሜና ቀበሌ ተጽፏል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ የአንባቢው ቃል አለ። ስምና ፊት አይታይም፤ የሰው ገመና እንዳይወጣ ተብሎ ከቀረ ቆይቷል። ሐኪሙ «እስማማለሁ» የሚለውን ይነካል። ሌላ ሥዕል ይመጣል። ለአንዱ ሥዕል የተፈቀደው ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለመተንፈስ የሚፈጅበትን ያህል ነው።

ዶክተር ረድኤት ይመር ራጅ ማንበብን እንደ ሙያ ከተማሩት የመጨረሻ ሐኪሞች አንዷ ናት። ከእሷ በኋላ የመጡት የተማሩት ማረጋገጥን ነው። ይሁን እንጂ ከተቀመጡ በኋላ በእሷና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ሄዶ ጠፍቷል። እጇ ከዓይኗ ይቀድም ነበር። ታውቀዋለች፤ ሁሉም ያውቁታል፤ እንዲያውም ይቀልዱበታል። አጠገቧ የሚቀመጠው ወጣቱ ዶክተር ናታን አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ምሳ ሰዓት ሲነካ ውሎ፣ «ማሽኑም አልተቀየመ፣ ሰዉም አልሞተ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞልቶታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ጋሽ ያፌት በውስጥ ስልክ ደወሉ።

«እባካችሁ አንዳችሁ ውረዱልኝ። አንዲት ሴትዮ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አልነሳም ብለዋል።»

«ምን ፈልገው?» አለ ናታን።

«ያነበበኝን ሰው አምጣልኝ ነው የሚሉት።»

«ማሽን ነው ያነበበዎት ይበሏቸዋ፣ ጋሼ።»

«ብያለሁ። ‹እንግዲያው ማሽኑን አውርደው› አሉኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። ረድኤት የሻይ ሰዓቷ ስለነበር እሷ ወረደች። ሴትዮዋን አባብላ ወደ ቤታቸው ልትሸኝ ነበር ሐሳቧ።

ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሴት ጥቁር ሻሽ አስረዋል። አፋቸውን በጭምብል ሸፍነዋል፤ ሲያስሉ ደግሞ በጭምብሉ ላይ ክንዳቸውን ይደርባሉ። ልብሳቸው ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል ሰፍቷቸዋል። ስማቸው ሶሊያና አበጋዝ ነው። በዚህ ዘመን ሶሊያና የሚባሉት ሁሉ አያቶች ሆነዋል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ቀና ብለው።

«ምኗ፣ እማማ?»

«ያነበብሽኝ።»

«እዚህ ብዙ ሰዎች ነን። ማን እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። ሥራውንም የሚሠራው...»

«እኔ ባጃጅ ነጂ ነበርኩ» አሉ አቋርጠዋት። «ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ። ገጭቻለሁም። ሰው ስገጭ ግን ወርጄ አያለሁ። እናንተ አትወርዱም እንዴ?»

 ጋሽ ያፌት ሰማይ ሰማዩን አዩ።

እማማ ሶሊያና ነገሩን በአጭሩ ነገሯት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሳል ያዛቸው። በየወሩ በመተላለፊያው ያልፋሉ፤ በየወሩ አረንጓዴ ይበራል። ምራታቸው ሐዘን ነው ያከሳዎት ትላለች፤ ጎረቤት ሐዘን ነው ይላል። በመጨረሻ ደም ሲተፉ፣ ገጠር ያለች አንዲት ነርስ አክታቸውን መርምራ የሳንባ ነቀርሳ አገኘችባቸው። አብራቸው የምትተኛው የልጅ ልጃቸውም ሆስፒታል ተኝታለች።

«ካሳ ለመጠየቅ ከሆነ ቢሮው ወዲያ ማዶ...»

«ካሳ ማን አለሽ? ክስም አልፈልግም። ደረቴን ከፍታችሁ ስታዩ ኖራችኋል። ምን አይታችሁ ነው ደህና ነሽ ያላችሁኝ? እሱን ንገሪኝና ልሂድ።»

ይህን ብለው ላባቸውን ለመጥረግ ሻሻቸውን ገፋ አደረጉት። ራሳቸው ተላጭቷል። ረድኤት አየችው፤ አልደነቃትም። ለሐዘን መላጨት ከከተማው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ ከክፉው የወረርሽኝ ዓመት ወዲህ ግን ተመልሷል። በዚያ ዓመት ሰው ያለ ለቀስተኛ ስለተቀበረ ሴቶቹ ያልተለቀሰውን ለቅሶ እንደ ዕዳ ያዩታል። አሁን ባል ወይም ልጅ የሞተባት ሴት ራሷን ተላጭታ ስትቀመጥ የሚያፈጥባት የለም።

«አይቼ እነግርዎታለሁ» አለች ረድኤት። ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ እማማ ሶሊያና፣ የደረጃውን ብረት ይዘው እየተነሱ። «ቃልሽን ካጠፍሽ ደግሞ እዚሁ ነኝ፤ ጥላ ያለው ደረጃ ነው።»

በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን የሴትዮዋን ሥዕሎች አስመጣች። ሁሉም ላይ «ታርሟል» የሚል ቃል ታትሟል። የነርሷ ውጤት እንደደረሰ አንባቢው ራሱን አርሟል፤ ነገሩ ተዘግቷል። አንባቢው ስህተት ሲሠራ የሚሆነው ይኸው ነው። ለማንም አይነገርም፣ ማንም አይጠየቅም። አዳዲስ አረጋጋጮች ሥራ ሲጀምሩ ይህን እንደ ጸጋ ነበር የሚነገራቸው።

የመጀመሪያውን ወር ሥዕል ያጸደቀው ቁጥር የራሷ ነበር። የሌሎቹ ወራት ቁጥሮች የባልደረቦቿ ናቸው። ለማስታወስ ሞከረች፤ ምንም ትዝ አላላትም። ከሥዕሉ ሥር የአንባቢው ቃል እንዲህ ይላል፤ «ከግራው የአንገት ሥር አጥንት በላይ ጥላ፤ ሹሩባ። ሳንባ ጥርት ያለ።»

ቃሉን ደግማ አነበበችው። ሹሩባ። የተጎነጎነ ጸጉር ትከሻ ላይ ሲወርድ ራጅ ላይ ጥላ እንደሚጥል ማንኛውም አረጋጋጭ ያውቃል፤ በቀን ስንቴ ያየዋል። ሴትዮዋ ግን ጸጉር የላቸውም። ያን ጠዋት ያየችው የተላጨ ራስ አሁን ገና ነበር ትርጉም የሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር በዚያ ክፍል ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል። ቃሉን በእጇ ሸፍና ሥዕሉን አየች። የተፈቀደው ጊዜ አለፈ፤ ደወሉ ጮኸ፤ እሷ ማየቷን ቀጠለች። መምህሯ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጠርዝ ተከተሉ ይሉ ነበር። ጠርዙን ተከተለች። ጥላው ከአጥንቱ በላይ ይጀምርና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የሳንባው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ነጥብ እንኳ አይወጣም። ጸጉር ቢሆን ኖሮ አይቆምም ነበር። የሴትዮዋን ራስ ባታይ እንኳ እዚሁ ሥዕል ላይ መልሱ ነበረ።

የአረጋጋጮቹ ኃላፊ ዶክተር ካሊድ እንድሪስ ጡረታቸው የቀረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሥዕሉን ስታሳያቸው ከሥሩ ያለውን ቃል ብቻ አነበቡ።

«ታርሟል ይላል እኮ።»

«ምኑ ነው የታረመው?»

«ይኸው ሥዕል። ነቀርሳ መሆኑ ተነግሮታል።»

«ለምን እንደተሳሳተስ?»

«ማሽን ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ረድኤት።»

«እኔ እጠይቃለሁ። ሴትዮዋ ተላጭተዋል። ጸጉር የሌላቸውን ሴት ሹሩባ አየሁባቸው አለ፤ እኛም አዎ አልነው። ያውም በየወሩ።»

ዶክተር ካሊድ ተነስተው በሩን ዘጉት። 

«ያኔ እንዳንቺ እንኳ አልደረስኩም፣ ልጅ ነበርኩ» አሉ ሲቀመጡ። «አንባቢው መጀመሪያ ሲመጣ የተማረው ከሩቅ አገር ሰዎች ራጅ ነበር። ሹሩባ አያውቅም። የእኛን ሴቶች ባየ ቁጥር ቀይ ያበራል። ጸጉር የተሠራች ሁሉ በሽተኛ ሆነች። ሙሽሮች ከሠርግ እየተነሱ ማግለያ ገቡ። ሕዝቡ ነዳጅ ይዞ መተላለፊያውን ሊያቃጥል መጣ፤ እኔ በጓሮ አጥር ዘልዬ ነው የወጣሁት። ከዚያ ታረመ። በዚህ አካባቢ፣ ሴት ከሆነች፣ ከአጥንቱ በላይ ያለ ጥላ ጸጉር ነው ተባለ። አገር ሰላም ሆነ።»

«ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ታርሟል ተባለ፤ አለቀ። የታረመ ስህተት ማውራት ሕዝብ ማስፈራራት ነው ተባልን። እኔም ያንን አጥር እያስታወስኩ ዝም አልኩ።»

«ስለዚህ የዛሬው ስህተት የድሮው እርማት ነው።»

«ይመስለኛል።»

«ሌሎች የተላጩ ሴቶች አሉ ማለት ነው፤ እያሳሉ አረንጓዴ የሚበራላቸው። መልሰን እንያቸው።»

«በምን ትለያቸዋለሽ? አንባቢው ዕድሜ ያውቃል፣ ቀበሌ ያውቃል። ሐዘን አያውቅም።»

«እንግዲያው ሥዕሉ አዳራሽ ይቅረብና ሐኪሞቹ ይዩት። እነሱ ከነቁ ይይዟቸዋል።»

«የማሽን ስህተት አዳራሽ አይቀርብም። አዳራሽ የሚቀርበው የሰው ስህተት ነው። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«እሱ የእኔ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«የመጀመሪያውን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። አየሁትም አላየሁትም፣ የነካው የእኔ እጅ ነው። የሰው ስህተት ብለው ይጻፉልኝ።»

ዶክተር ካሊድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንበርሽን ታጪዋለሽ። እዚህ ቤት አዳራሽ ቀርቦ ወደ ወንበሩ የተመለሰ የለም።»

«ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ምን አይቼ?»

«እስቲ እደሪበት።»

«አልፈልግም። ዛሬ ይጻፍ።»

በማግስቱ እማማ ሶሊያና እንዳሉት መጡ። ረድኤት አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስለ ጥላው፣ ስለ ሹሩባው፣ ስለ ሙሽሮቹና መለየት ስላልተቻሉት ሌሎች ሐዘንተኞች ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ እስኪበርድ ረድኤት ጀርባቸውን ያዘች።

«ጸጉር!» አሉ። «እኔ ደግሞ ምን ዓይነት የረቀቀ ነገር ነው ያየብኝ እያልኩ።»

«ሐኪሞቹ ፊት ቀርበው ራስዎን ቢያሳዩልኝ ብዬ ነበር።»

«ገላልጬ?»

«አዎ።»

«ሐዘንተኛ ራሷን አደባባይ አትገልጥም፣ ልጄ።» ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «አንቺስ እዚያ ምን ትሆኛለሽ?»

«ከሥራዬ እነሳለሁ።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«እንግዲያው እኔም እገልጣለሁ» አሉ። «አንቺ ተራቁተሽ እኔ ተሸፍኜ አይሆንም።»

ወሬው ፎቁን ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም። ናታን ምሳ ቤት ውስጥ ሳህኑን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«አብደሻል አይደል? ጥፋቱን ማሽኑ ወስዶልሻል እኮ! ማንም ሳይጠይቅሽ አንገትሽን ትሰጫለሽ?»

«የጠየቀኝማ አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር።»

«ለአንዲት አሮጊት ብለሽ...»

«ለአንዷ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ በተመለስኩ» አለች። «ሌሎቹ የት እንዳሉ አላውቅም። ዛሬ ጠዋትም አንዷን አረንጓዴ ብለህ አሳልፈህ ይሆናል። እኔም እንደዚያው።»

ናታን ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አዙሮ አዙሮ ሳይበላ ተነሳ።

አዳራሹ የተጠራው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። እማማ ሶሊያና በዚያ መሃል መድኃኒታቸው ይዟቸው ወደ ሰው እንዲቀላቀሉ ተፈቅዶላቸዋል። የአዳራሽ ሥርዓት አጭር ነው። ጥፋተኛው ከፊት ይቆማል፣ ሥዕሉ ይታያል፣ ጥፋተኛው «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ በጎን በር ይወጣል። ተሰብሳቢው ይህ እስኪያልቅ ጫማውን ያያል። ከዚያ ሁሉም ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

ረድኤት ከፊት ቆማ ሥዕሉን አበራች። ከሥሩ ምንም ቃል አልነበረም።

ከጫማቸው ቀና ያሉት አንድ ባንድ ነበር። የሆነ ነገር ጎድሎ ምን እንደጎደለ ያልገባው ሰው እንደሚሆነው፣ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቃሉ የታለ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቃሉን ዛሬ እናንተ በሉት» አለች።

ሹክሹክታ ተነሳ። አንዳንዱ ጣቱ በልማድ ጉልበቱ ላይ ይነካ ነበር። ሁሉም ዶክተር ካሊድን አዩ፤ እሳቸው ሥዕሉን ያያሉ፤ አልከለከሉም።

«ሴት ናት?» ሲል ሌላው ጠየቀ።

«ሴት ናት። የዚሁ አገር ሰው።»

«ሹሩባ ነዋ!» አለ ናታን። «ይህማ ምን ያጠያይቃል?»

«ሹሩባ ነው የምትሉ?»

እጆች ወጡ። አዳራሹ ውስጥ ያልተነሳ እጅ ቢኖር የዶክተር ካሊድ ብቻ ነበር። ረድኤት ሄዳ የጎን በሩን ከፈተች። እማማ ሶሊያና ቀስ እያሉ ገቡ፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሙ፣ ጥቁሩን ሻሽ ፈትተው እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። የአዳራሹ መብራት ተላጭቶ ገና ማቆጥቆጥ በጀመረው ራሳቸው ላይ አረፈ።

«ሹሩባዬን የት እንዳያችሁት እስቲ አሳዩኝ» አሉ። «እኔ ከባሌ ጋር የቀበርኩት መስሎኝ ነበር።»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና መልሶ ዋጠው። የወጡት እጆች የት እንደሚገቡ ጠፍቷቸው ወረዱ። 

«አሁን እንደገና እዩት» አለች ረድኤት። «ጊዜ አለን። ጠርዙን ተከተሉ።»

 ወደ ፊት የተጠጉ፣ ከወንበራቸው የተነሱ ነበሩ። በመጨረሻ ከኋላ አንዲት ሴት ሐኪም፣ «ይቆማል» አለች።

«ምኑ?»

«ጥላው። ሳንባው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል።»

«ጸጉር ቢሆንስ?»

«ጸጉር ቢሆን...» ሐኪሟ በጣቷ አየሩ ላይ መስመር አሰመረች። «ጸጉር ቢሆን ወደ አንገት ይቀጥል ነበር። ከቆዳውም አልፎ።»

«ጸጉር ሳንባ የት እንደሚያልቅ አያውቅም» አለች ረድኤት። «በሽታው ግን ያውቃል። ይኸው ነው የሳትነው። አንባቢው ቃሉን ስላስቀደመልን ሥዕሉን አላየነውም፤ ሴትዮዋን ደግሞ ጭራሽ አላየናቸውም።»

ናታን ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል። «በሁለት ትንፋሽ ጠርዝ መከተል ይቻላል? ፊት ከልክለው፣ ጊዜ ከልክለው እዩ ይሉናል!»

«አይቻልም። ይኸንኑ ጮክ ብለህ በለው፤ እዚህ ያልተባለ የትም አይባልም።»

ናታን አልተቀመጠም። ቆይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከሴትዮዋ ሥዕሎች አንዱ ላይ የእኔ ቁጥር አለ?» አለ።

«አለ።»

«ለምን አላወጣሽውም?»

«አዳራሹን ለማስከፈት አንድ ስም ይበቃል። ስም ላስቆጥር አይደለም የመጣሁት።»

«ተዉት ይሄን አሁን» አሉ እማማ ሶሊያና፣ መቆሙ ሲበዛባቸው የቀረበላቸውን ወንበር እየሳቡ። «እኔ ተገኝቻለሁ። የእኔ እድር ውስጥ ብቻ ዘንድሮ የተላጩትን ሁሉ በየቤታቸው አውቃቸዋለሁ። ሁለቱ እንደ እኔ ነው የሚያስሉት። ሐዘንተኛ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ ብላችሁ ነው የምትጨነቁት? እድር ምን ይሠራል ታዲያ?»

ዶክተር ካሊድ ተነሱ። በሥርዓቱ መሠረት የሚጠበቅባቸው ጥፋተኛዋን የምታሰናብት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። እሳቸው ግን ስለ ሙሽሮቹ ጀመሩ። ማግለያ ስለገቡት ሴቶች፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለዘለሉት አጥር፣ በዚያ ሁሉ መሃል በጥድፊያ ስለተሰጠው እርማት፣ ከዚያም ስለ ዝምታው ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሐኪሞች ይህን ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ሕጉ ሕግ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዶክተር ረድኤት ከወንበሯ ትነሳለች። ይህን መለወጥ አልችልም። ነገር ግን የሰው ስህተት የሚዘጋው እኔ ታርሟል ብዬ ስጽፍበት ነው። አልጽፍም። ሥዕሉ ክፍት ሆኖ እያንዳንዳችሁ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። የተላጩት ሴቶች በእድር ይጠሩ። ሥዕላቸውንም ያለ ቃል፣ ያለ ደወል እናየዋለን። ከላይ ሲጠይቁኝ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

በዚያው ሳምንት የየቀበሌው የእድር ድምፅ ማጉያ ሐዘን ላይ ያሉ እናቶችንና እህቶችን ሲጠራ ሰነበተ። ሴቶቹ ሻሻቸውን አስረው መጡ፤ አንዳንዶቹ ለሌላ ለቅሶ የተጠሩ መስሏቸው ነበር። ሐኪሞቹ በተራ እየወረዱ አነጋገሯቸው። ሳንባቸው ጥርት ያለላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሕመሙ የተገኘባቸውም ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ ደረቷ ላይ ሕፃን የታቀፈች አራስ ነበረች። ሕፃኑን አስቀድመው መረመሩት፤ ነጻ ነበር። ከላይ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነበር፤ ዶክተር ካሊድ እየመለሱ ናቸው። አንባቢው ግን እስካሁን በዚህ አካባቢ ከአጥንቱ በላይ ያለን ጥላ ሹሩባ ይለዋል። ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ተብሏል።

ረድኤት የተመደበችው ምድር ቤት፣ መተላለፊያው መውጫ ላይ ነው። ሥራው ሰልፍ ማስከበር ነው፤ ሐኪም የማይፈልግ፣ እንዲያውም ማንንም የማይፈልግ ሥራ ነው። እሷ ግን በዓመታት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ታያለች። የከሳውን፣ የሚያነክሰውን፣ ሻሽ ያሰረችውን ታያለች። የተላጨች ሴት ስታልፍ በውስጥ ስልክ ወደ ላይ ትደውላለች፤ «አሁን የወጡት ጸጉር የላቸውም።» መጀመሪያ ሰሞን ስልኩን የሚያነሳው አልፎ አልፎ ነበር። ቢያነሱም «እሺ» ብለው ይዘጉታል። እሷ መደወሏን አልተወችም። አንድ ቀን ጋሽ ያፌት፣ «ስልኩ እንዳይሰለችሽ» ሲሏት፣ «እነሱ ይሰልቹ» አለች።

አንድ የገበያ ቀን ሰልፉ ድንገት ቆመ። ከመተላለፊያው የወጡ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ መዳፋቸውን እያገላበጡ ያያሉ፤ ቀይም አረንጓዴም አልበራም፤ ከላይ ያጸደቀ የለም። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ፤ ግመሎቹን ውጭ ያቆመ ነጋዴ ድምፁን ከፍ አደረገ። የደረጃው በር ተበርግዶ ዶክተር ናታን እያለከለከ ወጣ። ሊፍቱን አልጠበቀም።

«አሁን የወጡት ሰውዬ የታሉ?» አለ ረድኤትን።

በአገጯ አሳየችው። ናታን ሽማግሌው ፊት ቆመ፤ በሽተኛ ማነጋገር ገና ስላልለመደ እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶታል።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደረትዎ ላይ ክታብ አስረዋል? አንባቢው የደረትዎን ጥላ ክታብ ብሎታል።»

«ክታብ?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ? በሕይወቴ አስሬ አላውቅም።»

«ሸሚዝዎን ከፈት ቢያደርጉልኝ?»

ሽማግሌው ሰልፉን አዩ፣ ረድኤትን አዩ፣ ከዚያ ሁለት ቁልፍ ፈቱ። ናታን ጎንበስ ብሎ አየ። የሸበተ የደረት ጸጉርና ቆዳ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው። «ምን አየህ ልጄ?»

«ገና አላየሁም» አለ ናታን። «አሁን ልሄድ ነው፤ ላየው። እባክዎ እዚህ ይቀመጡ፣ አይሂዱብኝ።» ወደ ረድኤት ዞረ። «ሰልፉን ያዢልኝ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ። ነጋዴው ስለ ግመሎቹ መጮኹን ቀጠለ፤ ረድኤት ለሽማግሌው ወንበር አመጣችላቸውና በሩ ላይ ቆመች።